ቻርልስ ቬስትን ስናስብ ምስጋናው ለማን ይድረስ?

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት የተካሄደውን የውይይት ሰንሰለት፣ የከፈቱት ሰው ጥያቄያቸውን ያቀረቡት በአክብሮት ነበር። ሴቶች በሳይንስና በምህንድስና ተገቢ ቦታቸውን እንዲያገኙ ከቆሙ የዩኒቨርሲቲ መሪዎች መካከል ማንን እናስታውሳለን ብለው ጠየቁ፤ የራሳቸውንም መልስ አብረው አስቀመጡ። ያነሷቸው ከ1990 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን፣ ማለትም ኤም አይ ቲን፣ በፕሬዚዳንትነት የመሩትን መካኒካል መሐንዲስ ቻርልስ ቬስትን ነው። ቬስት በዌስት ቨርጂኒያ የተወለዱ፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ዲንና ፕሮቮስት፣ ማለትም የትምህርት ጉዳዮች ዋና ኃላፊ፣ የነበሩ፣ በኋላም የአሜሪካን ብሔራዊ የምህንድስና አካዳሚ ከ2007 እስከ 2013 የመሩ ሰው ናቸው፤ በዲሴምበር 2013 በቆሽት ካንሰር ሲያርፉ ዕድሜያቸው 72 ነበር። የመክፈቻው ጽሑፍ ዋና ሐሳብ፣ ቬስት በተቋማቸው ስላሉ ሴት ሳይንቲስቶች ጥናት አስጠንተው፣ ውጤቱ ተቋሙን የሚያስነቅፍ ሆኖ ሳለ በ1999 ለሕዝብ ይፋ አድርገዋል የሚል ነበር።

ውይይቱን እስከ መጨረሻው ተከታተልኩት። አንድን መሪ ስናመሰግን የምናመሰግነው ስለ የትኛው ሥራው እንደሆነ ለይቶ መናገር ከባድ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ተሳታፊዎቹ እየተራረሙም እየተቆጡም ነገሩን አጥርተው አውጥተውታል ብዬ ስላመንኩ የመልሶቹን ሐሳብ በየተራቸው አስቀምጣለሁ።

1ኛው መልስ ሙሉ በሙሉ የድጋፍ ነበር። መላሹ የመክፈቻውን ጸሐፊ አመስግነው፣ በቬስት ዘመን በኤም አይ ቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች መካከል የሴቶች ድርሻ ከ34 በመቶ ወደ 42 በመቶ ማደጉን አስታወሱ። ለአንድ የቴክኖሎጂ ተቋም ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም አሉ።

2ኛው መልስ እርማት ይዞ መጣ፤ በክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ረጅሙና በእኔ ዓይን ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለውም እሱ ነው። መላሿ ጥናቱን የጀመሩት ቬስት እንዳልነበሩ ገልጸው፣ ነገሩ የተነሣው ከአንዲት የሞለኪውላር ባዮሎጂ ሊቅ መሆኑን ዘረዘሩ። ናንሲ ሆፕኪንስ ከ1973 ጀምረው በኤም አይ ቲ ያስተማሩ ሳይንቲስት ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ምርምራቸውን ዜብራፊሽ ወደምትባለው ትንሽ ዓሣ ሲያዞሩ የዓሣዎቹን ገንዳዎች የሚያስቀምጡበት 200 ካሬ ጫማ፣ ማለትም 19 ካሬ ሜትር የማይሞላ ተጨማሪ ቦታ ጠየቁ፤ አላገኙም። ከሌሎች ያነሰ ቦታ እንዳላቸው ቢናገሩም የሚያምናቸው ስላጡ፣ ሜትር ይዘው የሥራ ባልደረቦቻቸውን ቤተ ሙከራዎች አንድ በአንድ ለኩ። ከእሳቸው በማዕረግ ዝቅ ያሉ ወንዶች ሳይቀሩ የተሻለ ስፋት እንደያዙ ልኬቱ አሳየ። መላሿ በዚህ ላይ የጨመሩት ነገር ልቤን ነክቶታል፦ ሳይንቲስቷ የተሰማቸውን በደል እንኳ ሊያስረዱ የቻሉት እንደ ማንኛውም የምርምር ጥያቄ ለክተው፣ ቆጥረውና ጽፈው መሆኑን አስተውሉ ብለዋል።

3ኛው መልስ ታሪኩን ከዚያው ቀጠለ። በ1994 ሆፕኪንስ ያቋቋሙት የባዮሎጂ መግቢያ ኮርስ ከእጃቸው ሲወሰድ፣ ለፕሬዚዳንቱ ለቬስት ደብዳቤ ረቂቅ አዘጋጁ። ደብዳቤውን ከመላካቸው በፊት ለሌላዋ የባዮሎጂ ፕሮፌሰር ለሜሪ ሉ ፓርዱ አሳዩ፤ ፓርዱም አንብበው ሲጨርሱ እኔም ልፈርምበት አሉ። ሁለቱ ሴቶች ሌሎቹም እንዲህ ይሰማቸው እንደሆነ ለማወቅ በሳይንስ ፋኩልቲ የሥራ ዋስትና ያላቸውን ሴት ፕሮፌሰሮች መቁጠር ጀመሩ፤ ዝርዝሩም ፈጥኖ አለቀባቸው። በኋላ የወጣው ጥናት በ1994 በስድስቱ የሳይንስ ክፍሎች ይህ ዋስትና የነበራቸው ወንዶች 194፣ ሴቶች 15 እንደነበሩ መዝግቧል። ከሌላ ክፍል ጋር በጋራ የተመደቡት ተጨምረው ከተጠየቁት 17 ሴቶች መካከል 16ቱ ፈረሙ። ደብዳቤውን የተቀበሏቸውና ኮሚቴውን ያቋቋሙት የፋኩልቲው ዲን፣ የፊዚክስ ሊቁ ሮበርት በርጀኖ ነበሩ። ቬስት ከዲኑ ጎን ቆሙ እንጂ አስጀማሪው አልነበሩም ሲሉ መላሹ ደመደሙ።

4ኛው የመክፈቻው ጸሐፊ ራሳቸው የጻፉት ነው። እርማቱን ያለ ማንገራገር ተቀብለው፣ እንግዲያውስ የቬስት ድርሻ ምን ነበር ማለት ነው ብለው ጥያቄውን አጠበቡት። ክሩ ከዚህ በኋላ የተሻለ ክር ሆነ።

5ኛው መልስ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ ነበር። ሙሉው የጥናት ሰነድ በምስጢር ተይዞ፣ ማጠቃለያው በማርች 1999 በተቋሙ የመምህራን ጋዜጣ ታትሞ ሲወጣ፣ ቬስት መግቢያ አስተያየት ጽፈውበታል። የአስተያየቱ ይዘት በዘመናችን ዩኒቨርሲቲዎች ያለው የጾታ አድልዎ ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ደግሞ የስሜት ጉዳይ ነው ብለው ሁልጊዜ ያምኑ እንደነበር፣ አሁን ግን ሚዛኑ እጅግ አድልቶ ወደ እውነቱ እንደሚያዘነብል መረዳታቸውን የሚገልጽ ነው። መላሹ ይህን ከመሪ ብዕር የወጣ ያልተለመደ ነገር ሲሉ ጠሩት። ምክንያታቸውንም ሲያስረዱ፣ አንድ ፕሬዚዳንት እንዲህ ያለ ሰነድ ሲቀርብለት የሕግ አማካሪዎቹ የሚመክሩት ዝም እንዲል፣ ወይም ጉዳዩ እየተጠና ነው እንዲል ነው፤ ቬስት ግን ማንም ሳያስገድዳቸው ተቋሙ እንዳዳላ በፊርማቸው አረጋገጡ፤ ወሬውም በቀናት ውስጥ በኒው ዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ ላይ ወጣ አሉ። እኔም የቬስት ሥራ ይህ ነው እላለሁ። ሴቶቹ ለዓመታት ሲናገሩት ቅሬታ የነበረው ነገር፣ ፕሬዚዳንቱ ሲፈርሙበት የተቋሙ የራሱ ቃል ሆነ፤ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ያለች ሴት ሳይንቲስት ኤም አይ ቲ ያመነውን እናንተ ለምን ትክዳላችሁ ብላ ለመጠየቅ ቻለች።

እስከዚህ ድረስ ለስላሳ የነበረው ንግግር በ6ኛው መልስ ሻከረ። መላሹ ጥናቱ የሳይንስን መስፈርት አያሟላም ሲሉ ተነሡ። የደመወዝና የቤተ ሙከራ ስፋት አኃዞች ለሕዝብ አልወጡም፤ ኮሚቴውን የመሩት ዋነኛዋ ቅሬታ አቅራቢ ራሳቸው ነበሩ፤ በራስ ጉዳይ ዳኛ መሆን ደግሞ በየትኛውም ሙያ አይፈቀድም አሉ። ቬስትም ያልመረመሩትን ነገር ለመወደድ ሲሉ ተቀብለዋል የሚል ክስ ጨመሩበት።

7ኛዋ መላሽ ቁጣቸውን አልደበቁም። ከ209 ፕሮፌሰሮች 15ቱ ብቻ ሴቶች መሆናቸው ለሕዝብ የወጣ አኃዝ ነው፤ ይህን አይቶ የተደበቀ መረጃ የሚፈልግ ሰው መረጃ ሳይሆን ማምለጫ ነው የሚፈልገው ሲሉ ጻፉ። ስለ መላሹ ሰብእናም ልድገመው የማልፈልገው ነገር ተናግረዋል።

8ኛው መልስ ሁለቱንም አረመ። ለ6ኛው መላሽ በኮሚቴው ውስጥ አንጋፋ ወንድ ፕሮፌሰሮችም እንደነበሩበት አስታወሱ። የአኃዞቹን ምስጢርነት በተመለከተም፣ በስድስት ክፍሎች ውስጥ 15 ሴቶች ብቻ ካሉ፣ ደመወዝን በክፍልና በጾታ የሚያሳይ ሠንጠረዥ የእያንዳንዷን ሴት ደመወዝ በስም ከማውጣት እንደማይለይ አስረዱ። ለ7ኛዋ መላሽ ደግሞ የቁጥር ማነስ ብቻውን አድልዎን እንደማያረጋግጥ፣ የጥናቱም ክብደት በቁጥሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በደመወዝ፣ በቦታ፣ በሽልማት እጩነትና በኃላፊነት ምደባ ላይ የታየው ልዩነት ተደጋጋሚ መሆኑ ላይ እንደሆነ ነገሩ። በእኔ ግምት የ6ኛው መላሽ ትችት በአንድ በኩል ተገቢ ነው፤ መረጃውን ያላየ አንባቢ ድምዳሜውን በእምነት ይቀበላል። ነገር ግን ትችቱ ራሱ የቬስትን ፊርማ አስፈላጊነት ያጎላዋል። ሙሉውን ሰነድ ለሕዝብ ማሳየት ካልተቻለ፣ የሚታመነው የዩኒቨርሲቲው ከፍተኛ ኃላፊ በስሙ ሲቆምለት ነው፤ ያ ኃላፊ ደግሞ ጥናቱ ሐሰት ቢሆን ተጠቃሚ፣ እውነት ቢሆን ተወቃሽ የሚሆን ሰው ነበር።

9ኛዋ መላሽ መሐንዲስ ናቸው፤ ከራሳቸው ሕይወት ተነሥተው ጻፉ። የተቋማቸውን ስም ሳይጠሩ፣ በክፍላቸው ብቸኛዋ ሴት በነበሩበት ጊዜ በማናቸውም ኮሚቴ ውስጥ አንዲት ሴት ትኑር የሚል በጎ ደንብ ወጥቶ፣ ደንቡን የሚያሟሉት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ የምርምር ጊዜያቸውን ስብሰባ እንደበላው ተረኩ። ወንዶቹ ባልደረቦቻቸው በዚያው ጊዜ ጽሑፎቻቸውን ያሳትሙ ነበር። ኤም አይ ቲ በ2011 ባወጣው ተከታይ ሪፖርት፣ በሳይንስና በምህንድስና ያሉ ሴት መምህራን ቁጥር ከ1999 ወዲህ ወደ እጥፍ መጠጋቱ ቢገለጽም፣ ይኸው የኮሚቴ ሸክም እንደ አዲስ ችግር መነሣቱን ጠቀሱ። ሌላም አከሉ፦ በዚያው ሪፖርት ሴቶቹ የተቀጠሩት መስፈርቱ ዝቅ ተደርጎላቸው ነው የሚል ሐሜት እንደሚያስጨንቃቸው የተናገሩ ነበሩ። ስለዚህ ቬስትን የምናስታውሰው ሥራ እንደ ጨረሱ ሰው መሆን የለበትም ብለዋል።

10ኛው መልስ ወደ ኋላ ሄደ። አንድ ተሳታፊ፣ ኤም አይ ቲ ሴቶችን መቀበል የጀመረው በቅርቡ ነው የሚል ግምት በክሩ ውስጥ እንዳለ ታዝበው፣ ኤለን ስዋሎ ሪቻርድስ የተባሉት ኬሚስት በ1873 ከዚያ መመረቃቸውን አስታወሱ። ከዚያ በኋላ ግን ለዘጠና ዓመታት ያህል የሴት ተማሪዎች ቁጥር እጅግ አነስተኛ ሆኖ የቆየበትን አንድ ምክንያት አወሱ፤ ማደሪያ አልነበራቸውም። በ1904 በባዮሎጂ የተመረቁት ካትሪን ዴክስተር ማኮርሚክ በራሳቸው ገንዘብ ያሠሩት የሴቶች ማደሪያ በ1963 ሲከፈት፣ የአልጋ ቁጥር ያጠበበው በር ሰፋ። መላሹ ነጥባቸውን ያሠሩት በዚህ ላይ ነው፦ በአንድ ዘመን አልጋ፣ በሌላ ዘመን የዓሣ ገንዳ ማስቀመጫ፤ ሴቶችን ከሳይንስ ያራቀው ነገር ብዙ ጊዜ ክርክር ሳይሆን የወለል ስፋት ነበር። ከክሩ ሁሉ ይህን ያህል ያሳሰበኝ ሐሳብ የለም። የመሪ ድጋፍ በንግግር ሳይሆን ክፍሎች፣ ገንዘብና ሹመት በሚደለደሉበት ወረቀት ላይ ነው የሚታየው።

ከ11 እስከ 13 ያሉት መልሶች ከጉዳዩ ራቅ አሉ። አንዱ ተሳታፊ ቬስት በ2001 የኤም አይ ቲ ኮርሶች በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ለዓለም ሁሉ እንዲከፈቱ መወሰናቸው ከሁሉም ሥራቸው ይበልጣል አሉ። ሌላው ደግሞ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ዩኒቨርሲቲዎች ለችግረኛ ተማሪዎች የሚሰጡትን ድጎማ አብረው መወሰናቸውን ከሕግ ውጭ ነው ብሎ ሲከስ፣ አይቪ ሊግ የሚባሉት ስምንት አንጋፋ የአሜሪካ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ተስማምተው ሲወጡ ኤም አይ ቲ ብቻውን መከራከሩንና ጉዳዩ በ1993 በስምምነት መቋጨቱን አነሡ። 13ኛው መላሽ ሦስቱን ነገሮች ሊያያይዙ ሞከሩ፤ ሰውዬው ተቋሙን ለሕዝብ ክፍት የማድረግ ጠባይ ነበራቸው ሲሉ። አንድ ሰው የሠራቸው መልካም ነገሮች ሁሉ ከአንድ ጠባይ የተቀዱ መሆን አለባቸው ብዬ ስለማላምን፣ ማያያዣው የላላ ሆኖ አገኘሁት።

14ኛዋ መላሽ ክሩን ወደ ጉዳዩ መለሱት፤ ቃላቸው ግን መራራ ነበር። በጃንዋሪ 2005፣ ቬስት ሥልጣናቸውን ባስረከቡ በሳምንታት ልዩነት፣ የጎረቤት ዩኒቨርሲቲ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሎረንስ ሰመርስ በአንድ ጉባኤ ላይ፣ በሳይንስና በምህንድስና ከፍተኛ ደረጃ ሴቶች የሚያንሱት በተፈጥሮ ችሎታ ልዩነት ሊሆን እንደሚችል መናገራቸውን፣ ናንሲ ሆፕኪንስም ከአዳራሹ ተነሥተው መውጣታቸውን አስታወሱ። ከዚያም፣ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ከተማ ሆነው መሪዎቻቸው እንዲህ ሲለያዩ ካያችሁ፣ መሪ ምን ያመጣል ብላችሁ አትጠይቁ ሲሉ ጻፉ። 6ኛው መላሽ ተመልሰው መጡና መላምት ማቅረብ ኃጢአት አይደለም አሉ። ሁለቱ በተከታታይ ጥቂት ስለታም ቃላት ከተለዋወጡ በኋላ 17ኛው መላሽ በትሕትና ገብተው፣ መላምቱ በአግባቡ መልስ ማግኘቱን አስረዱ። ቬስትን የተኩትና የኤም አይ ቲ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት የሆኑት የነርቭ ሳይንስ ሊቋ ሱዛን ሆክፊልድ፣ ከፕሪንስተኗ ፕሬዚዳንት ከሸርሊ ቲልግማንና ከስታንፎርዱ ከጆን ሄነሲ ጋር በፌብሩዋሪ 2005 በጋዜጣ በጋራ ጽፈዋል። መላሹ ነገሩን ሲያጎሉት፣ ከአሥር ዓመት በፊት 16 ሴቶች ብቻቸውን የያዙትን ክርክር አሁን ሦስት ፕሬዚዳንቶች በየራሳቸው ፊርማ ይዘውት ነበር ብለዋል።

18ኛዋ መላሽ ገና በምርምር ሥራ ጀማሪ መሆናቸውን ገልጸው፣ ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው፣ እኔ በሥራዬ አድልዎ ገጥሞኝ አያውቅም አሉ። ብዙዎች ሊነቅፏቸው ይችሉ ነበር፤ 2ኛዋ መላሽ ግን በእናትነት ለዛ መለሱላቸው። የ1999ኙ ጥናት ካገኛቸው ነገሮች አንዱ ይኸው መሆኑን ነገሯቸው፦ ጀማሪዎቹ ሴት መምህራን በአብዛኛው በክፍላቸው እንደተደገፉ ይሰማቸው ነበር፤ መገለሉ የሚመጣው በማዕረግ ከፍ ባሉ ቁጥር ነበር። እያንዳንዱ ትውልድ ችግሩ ከእሱ በፊት በነበሩት ሴቶች ተፈትቷል ብሎ ይጀምራል፤ አንጋፋዎቹም በወጣትነታቸው እንዲሁ ያስቡ ነበር። ይህ ሐሳብ ለሚያነቡት ወጣት ሴቶች ሁሉ ቢደርስ እወዳለሁ። ጀማሪዋ መላሽም አመስግነው፣ ሪፖርቱን ፈልገው እንደሚያነቡት ጻፉ።

19ኛው መልስ ነገሩ ከአንድ ተቋም እንዴት እንደወጣ በአጭሩ ገለጸ። በጃንዋሪ 2001 ቬስት የዘጠኝ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎችን መሪዎች በኤም አይ ቲ ሰበሰቡ፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ስታንፎርድና በርክሌይ ከመካከላቸው ነበሩ። በሳይንስና በምህንድስና ሴቶች የሚያጋጥማቸው እንቅፋት አሁንም እንዳለ አምነው፣ የደመወዝና የሀብት ክፍፍላቸውን ሊመረምሩ ተስማሙ። ኤም አይ ቲ ራሱም በ2002 ጥናቱን ወደ ሌሎቹ ፋኩልቲዎች አስፋፋ።

የመጨረሻው፣ 20ኛው መልስ፣ መጀመሪያ ላይ ለተነሣው ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ ቀጥተኛ ምላሽ ነው ብዬ አስባለሁ። መላሹ፣ ሆፕኪንስ በ2006 በመምህራኑ ጋዜጣ ያወጡትን ግራፍ ይገልጻሉ፤ ግራፉ በሳይንስ ፋኩልቲው የነበሩ ሴት መምህራንን ቁጥር በዓመታት ይከተላል። ቁጥሩ በዝግታ እያደገ አይሄድም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፌዴራል መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሴቶችን እንዲቀጥሩ ደንብ አውጥቶ ሲያስገድድ አንድ ጊዜ ይዘላል፤ ከዚያ ለረጅም ዓመታት ባለበት ይቆማል። ሁለተኛው ዝላይ የመጣው ከ1996 እስከ 2000 ባለው ጊዜ፣ በርጀኖ የኮሚቴውን ግኝት ይዘው ሴት እጩዎች እንዲፈለጉ ክፍሎቹን በተከታተሉበት ወቅት ነው፤ እሳቸው በ2000 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲን ለመምራት ሲሄዱ መስመሩ እንደገና ተጋደመ። ቬስት ግን በዚያን ጊዜ ገና በፕሬዚዳንትነታቸው ላይ ነበሩ። ስለዚህ መላሹ ቬስትን ለፈረሙት ፊርማ እናመስግናቸው፣ ለቅጥሩ ግን በርጀኖን፣ ለእውነቱ ደግሞ ሜትር የያዙትን ሴቶች ብለው ምስጋናውን በሦስት ከፈሉት። የመክፈቻው ጸሐፊ በክፍፍሉ መስማማታቸውን ገልጸው የክሩን ርዕስ በዚሁ መሠረት ቀየሩት።